ውስጡን ያየ ይፈርም

ተስፋነሽ ጣቷን ወጋች።

ለሌላ ሰው ይህ ወሬም አይሆን። ስምንት ዓመት በሰበታ ልብስ ፋብሪካ መርፌ ይዛ ለኖረች ሴት ግን ጣት መውጋት ያሳፍራል። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ግራ ቀኙን ቃኘች። ያያት የለም። ከፊቷ የተቀመጠው ሰው እንኳ አላያትም፤ በመሀላቸው የተወጠረ ጨርቅ ቆሟል።

“ምን ሆንሽ?” አለ ከጨርቁ ወዲያ የዓባይነህ ድምፅ።

“ምንም አልሆንኩ።”

“መርፌዋ ቆየችብኝ ብዬ ነው።”

“ትመጣልሃለች፤ አትቸኩል” አለችው። እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስትቁነጠነጥ ነው የዋለችው። የመርፌ ማስቀመጫዋ ጠፍቷል። ከሆሳዕና ስትመጣ እናቷ የሰጠቻት ጠፍጣፋ የከረሜላ ቆርቆሮ ነበረች። ጠዋት ስትገባ መርፌዎቿ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ ተደርድረው አገኘቻቸው፤ ቆርቆሮዋ ግን የለችም። መርፌውን ደርድሮ ቆርቆሮ የሚሰርቅ ሌባ ደግሞ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ይህ ሲከነክናት ነው ጣቷን የወጋችው።

የሥራቸውን ነገር ልንገራችሁ። ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ድሮ የጣውላ መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ አንዲት አሮጊት የጦር አውሮፕላን ቆማለች። ቦምብ ጣይ ነበረች። ስዊድኖች ሠርተዋት፣ በንጉሡ ዘመን ደብረ ዘይት ገብታ፣ ጡረታ ከወጣች በኋላ ሣር ሲበቅልባት የኖረች ናት። ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በጨረታ የገዟት የዓባይነህ አባት ቆራርጠው ሊሸጧት ነበር። ኦቦ ሞቱማ የሚባሉ የአየር ኃይል ጡረተኛ መካኒክ ወሬውን ሰምተው ከሱሉልታ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። “የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የዚህችን ብሎን አጥብቄአለሁ። እሷን ከምትቆርጡ እኔን ቁረጡኝ” አሉ አሉ። አባትየው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፤ መጋዝም ሳይነካት ቀረ። ልጃቸው ዓባይነህ ደሞዝ የሚያበላውን የአውሮፕላን ቴክኒሺያንነት ሥራ ጥሎ “እናበራታለን” አለ። ከሽማግሌው ጋር ስድስት ዓመት ሲፈታና ሲገጥም ከረመ።

በመጨረሻ የቀረው ጭራዋ ነበር። አካሏ ብረት ነው። አፍንጫዋን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዝዙት የጭራ ክንፎች ግን ቀጭን የብረት አጥንት አላቸው፤ አጥንቱ ላይ የተልባ ጨርቅ ይለበጥና በእጅ ይሰፋል። ክንፉን በጠርዙ ያቆሙታል፤ አንዱ ሰው ከወዲህ፣ ሌላው ከወዲያ ተቀምጦ ረጅም መርፌ ይቀባበላሉ። አይተያዩም። የምትታየው ከጨርቁ ብቅ የምትል የመርፌ ጫፍ ብቻ ናት። ተስፋነሽና ዓባይነህ እንዲህ ሲቀባበሉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። በመርፌ ጫፍ ምን ያህል መነጋገር እንደሚቻል የሚጠራጠር ካለ እነሱን ይጠይቅ። ቶሎ ከመጣች ደስ ብሎታል፤ ከዘገየች አንድ ነገር እያሰበ ነው፤ ብቅ ብላ ቀጥ ካለች ደግሞ እጁን ከመርፌው ላይ ማንሳት አልፈለገም ማለት ነው። ያን ጊዜ ተስፋነሽም አትስባትም።

እሷን ለዚህ ሥራ የመረጧት ኦቦ ሞቱማ ናቸው። የፋብሪካው ሠራተኞች በሚወጡበት ሰዓት በር ላይ ቆመው ለሴቶቹ ቁራጭ ጨርቅና መርፌ እየሰጡ “እስቲ ስፊልኝ” ይሉ ነበር። ሁሉም ሰፉ። ከመስፋቷ በፊት ጨርቁን ገልብጣ ጀርባውን ያየችው ተስፋነሽ ብቻ ነበረች። “ይቺን ነው የምፈልገው” አሉ ሽማግሌው።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ኦቦ ሞቱማ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጽፈውታል፦ ያላየሁትን አልዘጋም። ማናቸውም ነገር ከመዘጋቱ በፊት በባትሪና በትንሽ መስተዋት ውስጡ ይታያል፤ የረሱት ብሎን ወይም ዳዶ እንዳይቀር። ከዚያ በመዝገቡ “ውስጡን ያየ” በሚለው ዓምድ ላይ ያየው ሰው ይፈርማል። የጨርቁን ሥራ የምታየው ተስፋነሽ ናት። “የኔ ዓይን ፈዟል፤ ኢንተላ ኮ” ይሏታል ኦቦ ሞቱማ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “ከእንግዲህ ዓይኔ አንቺ ነሽ።”

ጣቷን በወጋችበት ዕለት የግራው ክንፍ ስፌት አልቆ መዳፍ የምታስገባ አንዲት ክፍተት ብቻ ቀረች። እሷን ከወዲህ በኩል ብቻውን የተቀመጠ ሰው ይዘጋታል። ዓባይነህ ከወዲያ ተነሣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

“ተስፋነሽ፣ ከመዝጋትሽ በፊት በደንብ እዪ። በጣም በደንብ” አላት። ድምፁ ሌላ ጊዜ የማታውቀው ድምፅ ነበር።

“መቼ ነው ሳላይ ዘግቼ የማውቀው?”

“ለዚያ እኮ ነው” አለና ፈገግ ብሎ ወጣ። ውጭ የእናቱ መኪና ጥሩምባ ነፍቶ ነበር።

እናቱን ወይዘሮ ወርቅውሃን ሰበታ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሚስማር የፈለገም፣ ቆርቆሮ የፈለገም ሰው የሚሄደው እሳቸው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነው። ድምፃቸው ደግሞ ከቆርቆሮ ግድግዳ አልፎ የሚሰማ ነው። ተስፋነሽ መስተዋቱን በግራ እጇ፣ ባትሪውን በቀኝ እጇ እንዳነሣች ሰማቻቸው።

“ቤተልሄም ምን ይወጣላታል? የጨዋ ልጅ፣ ሃይማኖቷ ሃይማኖታችን፣ ቤተሰቧን የምናውቅላት። በዚህ ወር መጨረሻ ሽማግሌ እልካለሁ። ያቺ የፋብሪካ ሰፊ፣ ያቺ ጴንጤ፣ ከልጅሽ ጋር ምንና ምን ናቸው እየተባልኩ ገበያ መውጣት አልቻልኩም! ሰማኸኝ?”

ተስፋነሽ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘነበለች። አሁን ይናገራል፤ አሁን “እማዬ፣ ተይ” ይላል ብላ ጠበቀች።

“እሺ እማዬ” አለ ዓባይነህ።

መስተዋቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ዕንባዋ ዓይኗን ሞልቶት ክፍተቷ ራሷ ሁለት ሆና ትታያት ነበር። እጇ ግን ሥራውን ያውቃል። ሰባት ስፌት። ከዚያ መዝገቡን ሳበችና ውስጡን ሳታይ “ውስጡን ያየ” ከሚለው ሥር ፈረመች። መስተዋቱ እንኳ ከጉልበቷ ላይ አልተነሣም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ሰዓት ግን አላስታወሰችውም፤ ያን ሰዓት የምታስታውሰው ያቺን “እሺ” ብቻ ነበር።

*

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለተስፋነሽ መቀመጫ የሌላቸው ነበሩ።

ማታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ መያዝ አስጠላት፤ ከሰበታ እስከ ፉሪ በእግሯ እየሄደች፣ የሚያልፉ መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉባት ትገባለች። ቤት ገብታም አታርፍም። አብራት በኪራይ የምትኖረው የአክስቷ ልጅ ፀዲ፣ “አንቺ ሴትዮ፣ በጌታ ስም ቁጭ በይ! ሲሚንቶውን በእግርሽ ጨረስሽው እኮ” እስክትላት ትንጎራደዳለች። እሑድ መዘምራን መሀል ቆማ አፏ ይዘምራል፤ ልቧ ሰበታ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ዓባይነህ ተለውጧል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በጠዋት እየመጣ ፊቷን ያያል፤ የሆነ ነገር እንደምትነግረው ሁሉ ይጠብቃል። እሷ ፊቷን ታዞራለች። በሦስተኛው ቀን ወደ እሷ መምጣቱን ተወ። የቀኙን ክንፍ ሲሰፉ መርፌዋ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፤ እንደ ማንኛውም መርፌ። ሊያገባ ነውና አፈረኝ አለች በሆዷ። ማፈሩም አበገናት። ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ ወይ አንድ ነገር ቢል ይሻላት ነበር። አንዳንዴ እሷም ልትናገር አፏን ከፍታ “ክር አቀብለኝ” ትልና ታርፈዋለች።

አንድ ቀን ኦቦ ሞቱማ ሁለቱን ክንፎች እየመዘኑ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“የግራው ትንሽ ከበደኝ። ለምን ይሆን?”

“ቀለሙ ወፍሮ ይሆናል ኦቦ” አለች ተስፋነሽ፤ ጨርቁን የሚወጥረውን ቀለም ማለቷ ነበር።

“ይሆናል” አሉና በማጠፊያው በኩል ባለው ጫፉ ማመጣጠኛ እርሳስ ጨመሩበት። እሷ ብላለችና አመኑ። ተስፋነሽ ውስጧ አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረጋት፤ ወዲያው ግን ሌላው ሐሳቧ መጥቶ ዋጠው።

*

ተፍኪ ሜዳ በበጋ እንደ አስፋልት ይጠነክራል። ክረምት ሲገባ ግን ያ ጥቁር አፈር መኪናም ሰውም የማያስረግጥ ጭቃ ይሆናል። የመብረሪያ ፈቃዱም ለዚሁ ሲባል እስከ ግንቦት መጨረሻ ብቻ ነው የተሰጠው። ቅዳሜ ግንቦት ሃያ ዘጠኝ አውሮፕላኗ ሜዳው ላይ ተገጣጥማ፣ ታጥባ፣ ፀሐይ እያብለጨለጫት ቆመች። ወዳጅ ዘመድ ከሰበታ፣ ከቡራዩም ሳይቀር መጥቷል። ወይዘሮ ወርቅውሃ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ስድስት ዓመት ልጄን በላችው የሚሏትን አውሮፕላን በክፉ ዓይን እያዩ። ከወጨጫ ተራራ በኩል ደመና እየገፋ ይመጣል። ዛሬ ካልበረረች እስከ ኅዳር የለም።

ከፊት ተቀምጠው የሚያበሯት ካፒቴን ሕዝቅያስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አብራሪ ናቸው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ዓባይነህ ነው። ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ ተስፋነሽ ወደ ቆመችበት ወደ ጭራው መጣ። ጺሙን አልተላጨም። ዓይኖቹ እንቅልፍ እንዳጡ ያስታውቃሉ።

“ሳልሄድ አንድ ነገር ልበልሽ። አልተቀየምኩሽም። ይህን እወቂልኝ።”

“አንተ? አንተ እኔን?” ቁጣው ከየት እንደ መጣባት አላወቀችም። “ሽማግሌ የሚላክልህ አንተ! ‘እሺ እማዬ’ ያልከው አንተ! ቆርቆሮ ድምፅ የሚከለክል መስሎህ ነው?”

“ለእናቴማ ሁልጊዜም እሺ ነው የምላት!” አለ እጁን እያወናጨፈ። “አውሮፕላኗን ሽጣት ስትለኝ ስድስት ዓመት ሙሉ እሺ አላልኳትም? ሸጥኳት ታዲያ? ይኸው በፊትሽ ቆማ የለም እንዴ! ደግሞ ይህን ሁሉ በደብዳቤው ጽፌልሻለሁ። ‘ስለ ቤተልሄም ብታወራ እሺ ብዬ ነው የምሸኛት፤ እንዳታምኚኝ’ ብዬ ጽፌልሻለሁ።”

“የቱ ደብዳቤ?”

ዓባይነህ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

“ተይ ተስፋነሽ። በራስሽ የመርፌ ቆርቆሮ አድርጌ ከግራው ክንፍ አጥንት መሀል ሰክቼልሻለሁ። ካንቺ በቀር ማንም በማያይበት ቦታ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቼ አየሁ፤ ‘ውስጡን ያየ’ ይላል፣ ሥሩ ፊርማሽ አለ። አይተሻል። አንብበሻል። ዝም ብለሻል። ዝምታሽን ተቀበልኩ፤ መብትሽ ነው። ግን ‘የቱ ደብዳቤ’ አትበይኝ። አንቺ ሳታዪ አትዘጊም። በዚህ ዓለም ላይ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ቢኖር እሱ ነው።”

“ዓባይ! ግባ እንጂ፣ ደመናው እኮ እየደረሰ ነው!” አሉ ካፒቴኑ ከላይ።

ሄደ። ተስፋነሽ እዚያው ጭራው አጠገብ ቀረች።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ ልንደብቅላት አንችልም። ጽፎልኛል። እንዳታምኚኝ ብሎ ጽፎልኛል። ሁለተኛው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ቆርቆሮዋ እዚያው ናት። ከፊቷ፣ በእጇ በሰፋችው ጨርቅ ውስጥ። የግራው ከበደኝ ብለዋል ኦቦ ሞቱማ። የሞተሩ መንቀጥቀጥ ከአጥንቱ መሀል ካስለቀቃት፣ ተንሸራታ ክንፉ የሚዞርበት ማጠፊያ ውስጥ ከገባች ክንፉ ይያዛል። ክንፉ ከተያዘ አፍንጫዋ አይነሣም።

ሞተሩ አጓራ፤ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ።

ምናልባት ምንም አይሆንም አለች። ክብ ዞረው ይመለሳሉ፤ ለዚያውም አሥር ደቂቃ ናት። ከተመለሱ በኋላ ቀስ ብዬ እፈታዋለሁ፤ ማንም አያውቅም። አሁን ብናገር ግን ስድስት ዓመት የለፉበት ቀን ይበላሻል፤ ክረምት ይገባል፤ ኦቦ ሞቱማ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። እኔም ሳታይ የፈረመች እባላለሁ። እናቱ ፊት። “እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር” ያለኝ ሰው ፊት። ጌታ ሆይ፣ ምናልባት እኮ ምንም አይሆንም።

ከጎማዎቹ ሥር ያሉት ጣውላዎች ተነሡ። ኦቦ ሞቱማ ለካፒቴኑ ምልክት ሊሰጡ ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሡ። ከኋላ ወንበር የዓባይነህ ራስ ይታያል። አልዞረም።

ሮጠች። ነጠላዋ ወደቀ፤ አላነሣችውም። ሽማግሌው አጠገብ ደርሳ “አላየሁም!” ብላ ጮኸች። በሞተሩ ድምፅ ማን ይሰማታል? ያን ጊዜ ካፒቴኑ በሚያዩአት በኩል ቆማ ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ አንሥታ አንጓዎቿን አጣመረች። ሞተር አጥፋ ማለት ነው። ኦቦ ሞቱማ ለሁሉም ሠራተኛ አስተምረውታል፤ “ካልቸገራችሁ እንዳታሳዩት” ብለው።

ሞተሩ ጠፋ።

ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ሜዳው ጭር አለ። እንግዳው ሁሉ እሷን እያየ ነው። አሁን መጮህ አያስፈልግም፤ ከባዱም ይኸው ነበር።

“ምን ሆነሻል?” አሉ ኦቦ ሞቱማ።

“የግራውን ክንፍ ስዘጋ ውስጡን አላየሁም። ሳላይ ፈረምኩ። ውስጡ ቆርቆሮ አለ።”

“ማል?” አሉ ሽማግሌው፤ ምን ማለታቸው ነው። በሚችሉት ዓማርኛ ሁሉ መጠየቅ ያቃታቸው መሰሉ። “ለምን? አንቺ… ለምን?”

“እያለቀስኩ ነበር” አለች ተስፋነሽ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ከወንበራቸው ተነሡ። “ልጄን ልትገድይው ነበር!”

“አዎ፤ ልገድለው ነበር” አለች።

ዓባይነህ ከላይ ዘሎ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። “ቆርቆሮውን ያስገባሁት እኔ ነኝ” አለ፤ ለእናቱ ይሁን ለሽማግሌው አይታወቅም። “ደብዳቤ ነው። ታየዋለች ብዬ ነው። ኦቦ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ባዕድ ነገር ያስገባሁት እኔ።” ከዚያ ወደ ተስፋነሽ ዞረ። “አላየሽውም? ጭራሽ አላየሽውም?”

ራሷን ነቀነቀች። በዓይኖቹ ውስጥ ያለፈው ነገር ምን እንደሆነ ለመናገር ይቸግራል፤ ሰው ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ሲመጡበት ለየትኛው ፊት እንደሚሰጥ ያጣል።

ኦቦ ሞቱማ ከኪሳቸው ምላጭ አወጡ። ለእሷ ሰጧት። “የሰፋሽው አንቺ ነሽ፤ ፍቺው።”

ሰባቱን ስፌት አንድ በአንድ ቆረጠች። እጇን አስገባች። ዓባይነህ ሰካሁ ባለበት በመሀሉ አጥንት ላይ የለችም። ወደ ጠርዙ ገፋ አድርጋ ዳበሰች። ቆርቆሮዋ ከማጠፊያው ሁለት ጣት ርቃ ተኝታለች።

“መሀል ነበረች” አለ ዓባይነህ።

ካፒቴን ሕዝቅያስ ጓንታቸውን እያወለቁ፣ “በምድር ላይ ሞተር በማስነሣት ብቻ ይህን ያህል ከሄደች፣ በአየር ላይስ የት ትደርስ ነበር?” አሉ።

ተስፋነሽ ቆርቆሮዋን ሳትከፍት በዓባይነህ መዳፍ ላይ አኖረችው። በእሱ ፊት ደግማ ቀና የምትልበት ቀን የሚመጣ አልመሰላትም።

*

ዝናቡ የመጣው ሳይታሰብ ነው። ሰዉ ወደ መኪናው ሮጠ። ዓባይነህና ኦቦ ሞቱማ ሸራ ሊያመጡ ሄዱ። ተስፋነሽ ብቻዋን ጭራው ሥር ቀረች፤ በደረቷ ተደግፋ፣ በሁለት እጆቿ የፈታችውን ቀዳዳ ከውኃ ከልላ። ዝናቡ ጀርባዋን መታት። ድንገት ተወ። ቀና ብትል ከራሷ በላይ ጥቁር ጃንጥላ አለ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ነበሩ። ስድስት ዓመት የጠሏትን አውሮፕላን ቀዳዳ በጃንጥላቸው ሸፍነው ቆመዋል።

“ያን ዕለት ነው?” አሉ ሳያዩአት። “እኔ የመጣሁ ዕለት ነው ያለቀስሽው?”

“አዎ፣ እማማ።”

ጃንጥላውን አስተካክለው ያዙ። “ዛሬ ዝም ብትዪ ኖሮ ማንም አያውቅብሽም ነበር።”

“እሱ አውሮፕላኗ ውስጥ ነበራ” አለች ተስፋነሽ። ልታስደስታቸው አስባ አይደለም።

ስለ ልጅዋ ገበያ ላይ የሚወራውን ሁሉ የምትሰማ እናት እንዲህ ያለውን ቃል ግን ከማንም ሰምታ አታውቅም።

“የሃይማኖቱ ነገር አልዋጥልሽ ብሎኛል። ነገም ላይዋጥልኝ ይችላል። እንዳልዋሽሽ።”

“አውቃለሁ እማማ።”

“ሽማግሌም አልላክሁም። እሺ ሲለኝ አልታዘዝም ማለቱ እንደሆነ አውቄ ነበር፤ እኔ ነኝ የወለድኩት” አሉ። ከዚያ የጃንጥላውን እጀታ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። “ጠጋ በይ እንጂ፤ ጀርባሽ ራሰ።”

ተስፋነሽ ተጠጋች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሊያስለቅሳት የቻለው ይህ ነበር፤ ሴትዮዋም ያላዩ መስለው ወደ ሜዳው ተመለከቱ።

*

ሰበታ፣ ሰኞ። ዝናቡ በአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ይደልቃል። በረራው ለኅዳር ተላልፏል። ኦቦ ሞቱማ በመዝገቡ ላይ የተስፋነሽን ፊርማ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውታል፤ ጥፋቱ የሁለቱም ነው ለማለት ከጎኑ የዓባይነህን ስም ጽፈው እሱንም አሥምረውበታል። “አውሮፕላኗ ይህን ያህል ዘመን ጠብቃለች። ዋቃ ካለ እኔም ስድስት ወር እጠብቃለሁ” ብለው ነበር፤ ሲናገሩ ግን እያንዳንዱን ወር በሆዳቸው እንደ ቆጠሩት ያስታውቅ ነበር። ተስፋነሽን አላባረሯትም። ባትሪውንና መስተዋቱን ራሳቸው አምጥተው እጇ ላይ አኖሩላት። ከስድብ ሁሉ የከፋ እምነት ነበር።

የግራው ክንፍ እንደገና በጠርዙ ቆሟል። ያረጀው ጨርቅ ተገፎ አዲስ ተለብጦበታል። እሷ ከወዲህ፣ ዓባይነህ ከወዲያ።

“ደብዳቤው ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። ላቀብልሽ?” አለ።

“የተጻፈ ነገር አልፈልግም” አለች ተስፋነሽ። “በመርፌው እየላክህ ንገረኝ።”

መርፌዋ ሄደች። ወዲያ ቆየች። ስትመለስ ድምፁም መጣ።

“ጨርቁን ገልብጠሽ ጀርባውን ያየሽ ዕለት ከኦቦ ጋር በሩ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ የሚወስደኝን መንገድ ረስቻለሁ።”

መርፌዋን መለሰችለት።

“አየር ላይ ስሆን መፍራት ያለብኝ ይመስለኛል። የሰፋሽው አንቺ እንደሆንሽ ሳስብ አልፈራም።”

“እሱን ከደብዳቤው አውጣው” አለች። “እሱ ውሸት ሆኗል።”

“አልሆነም። ሞተሩን ያስጠፋሽውም አንቺ ነሽ።”

መርፌዋ ስትመጣ፣ ስትሄድ፣ እሱ ሲናገር፣ እሷ ሳትመልስ ቀኑ አለቀ። የእናቱን ነገር ነገራት። የቤተ ክርስቲያኑን ነገር፣ ከባድ እንደሆነ፣ መንገዱን ገና እንደማያውቀው፣ ግን ብቻውን መፈለግ እንደማይፈልግ ነገራት። በመጨረሻ አንዲት ክፍተት ቀረች።

ተስፋነሽ ባትሪውን አበራች። መስተዋቱን አስገባች። አየች፤ ደግማ አየች፤ ሦስተኛም አየች። አጥንት፣ ክርና ጥላ ብቻ።

“ባዶ ነው” አለች።

“አዎ። ያለኝን ሁሉ ነገርኩሽ” አለ ከወዲያ። “መልሱስ?”

“ወዲህ ዙር።”

የጫማውን ድምፅ ሰማች። በጭራው በኩል እየዞረ ነው። ቸኮለች፤ ሰባተኛው ስፌት ላይ እጇ ከዳት። ኦቦ ሞቱማ መዝገቡን ብብታቸው ሥር እንደያዙ ድንገት የዝናቡ ነገር አሳሰባቸውና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

“ምን ሆንሽ?” አለ ዓባይነህ ከፊቷ ቆሞ።

ጣቷን አፏ ውስጥ አልከተተችም። ሰው አየኝ አላየኝ ብላ ግራ ቀኝም አልቃኘችም። የደም ነጥብ ያለባትን ጣቷን ወደ እሱ ዘረጋችለት።

“ወጋኝ” አለችው።